የአየር መርፌና የወንድሜ መርዶ

ሞጣ የምትኖረው ታናሽ እህቴ የወንድማችንን ሞት የደበቀችኝ ካቻምና በጾመ ነቢያት ነው። ስሟን አልጽፍም። ራርቼላት አይደለም። የሚያውቃት ያውቃታል፣ የማያውቃት ደግሞ ስሟን ቢያገኝ ምንም አይሠራለትም። የባሏንም የልጇንም ስም አልጽፍም። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው ክረምት ለአስታራቂዎች «ለጤናዋ ብዬ ነው፤ መርፌ ላይ ስለነበረች ነው» ማለቷን ስለሰማሁ ነው። ነገሩ ሲደጋገም እውነት እየመሰለ ሄዷል። አንዳንዱ ሰው ቢቸና መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ለደግሽ ብላ እኮ ነው» ይለኛል። እንግዲያው ለደጌ የተደረገውን ልናገር።

ወንድማችን የሁላችን ታላቅ ነበር። አያ እንለው ነበር፤ ሽበት ከወረሰን በኋላም አያ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም፣ እህቴ ጡት ላይ ነበረች። ያሳደገን እርሱ ነው። መንደራችን ከቢቸና ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጅረቱን ተሻግሮ፣ ዳገቱ አናት ላይ ነው። ክረምት ጅረቱ ሲሞላ እኔን በትከሻው አድርጎ ያሻግረኛል፤ ደብተሬን እኔ ራሱ ላይ አስደግፌ እይዛለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው ዳር ቆሞ አገኘዋለሁ። እርሱ ራሱ አልተማረም። እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቢቸና ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆምኩ። ባል አግብቼ ነበር፣ ሞተ። ልጅ አልወለድኩም። ስለዚህ ከዚህ በላይ የምናገረው የለኝም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ አያ መውጣት ልማዴ ነበር። ከዚያ የጉልበቴ ሕመም መጣ። መጀመሪያ ቀኙ፣ ቀጥሎ ግራው፣ ኋላ ወገቤም ተከተለ። ሆስፒታል ፎቶ አነሡኝ፣ ክኒን ሰጡኝ፤ ክኒኑ ጉልበቴን ሲያስታግስ ጨጓራዬን ላጠው። ጠበልም ገባሁ። ጠፍጣፋ መንገድ ላይ በምርኩዝ እሄዳለሁ፤ ዳገቱ ግን እምቢ አለኝ። መሀሉ ላይ አንድ ክፉ ቦታ አለ፤ ጎርፍ የበላው፣ እግርን እስከ ወገብ ማንሣት የሚጠይቅ። እዚያ እደርስና ቆሜ ወደ ላይ አይቼ እመለሳለሁ። መኪና አይወጣውም። አያም ሳሉ ጸንቶበት መውረድ ትቷል። በዚህ ዓይነት እርሱ ላይ፣ እኔ ታች፣ በስልክ ብቻ የምንነጋገር ሰዎች ሆንን።

በበቅሎ ልውጣ ብዬ ነበር። ስነግረው እስኪያስለው ድረስ ሳቀና አንቺን የሚሸከም በቅሎ ጎጃም ገና አልወለደም አለኝ። በቃሬዛ ያውጡኝ ስለው ግን አልሳቀም።

«ቃሬዛው የእኔ ነው፤ አትሻሚኝ» አለ። «አንቺ በእግርሽ ነይ።»

እኔ የፈለግሁት ይህን ብቻ ነው። ወንድሜ ሳይሞት ያንን ዳገት በእግሬ ወጥቼ ከደጁ መቀመጥ። እህቴ ይህን ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። አቤቱታዬን በየሳምንቱ የማሰማው ለእርሷ ነበርና።

በመስቀል ሰሞን ደወለችልኝ። ሞጣ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ከባሕር ዳር የሚመላለስ የአጥንት ሐኪም አምጥቷል፣ ጋዝ ነው የሚወጋው፣ ኦዞን ይሉታል አለች። ሰዉ ግን የአየር መርፌ ብሎ ሰይሞታል። የእርሷ ጎረቤት ምርኩዟን ጥላ ገበያ መውጣት ጀምራለች። «እትዬ፣ እኔ ቤት ሆነሽ ታከሚ፤ ለአያም በእግርሽ ትደርሺለታለሽ» አለችኝ። ልጇን በጥር ልትድር መሆኑን፣ ቤቷም የሚያግዝ እጅ እንደሚፈልግ የነገረችኝ ሞጣ ደርሼ ጓዜን ካራገፍኩ በኋላ ነው።

መንገዱ በዚያ ሰሞን አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። ሚኒባሳችን ደብረ ወርቅ ላይ ቆሞ ከወዲያ የሚመጣ መኪና እስኪታይ ድረስ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ይህን የማነሣው በኋላ መንገዱ ለእህቴ ትልቅ ባለውለታ ስለሆነ ነው።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ፎቶዬን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና በአጥንትና በአጥንት መሀል የነበረው ትራስ ማለቁን ነገረኝ። የሐኪሙን ክፉ አላነሣም፤ ክፉ የለውምና። በግልጽ ነው ያስረዳን። ኦዞኑ ያለቀውን ትራስ አይመልስም፣ ሕመሙን ሊያስታግስ ይችላል፣ ለአንዳንዱ ይጠቅማል፣ ለአንዳንዱ ምንም አያደርግም፣ ሐኪሞች ራሳቸው ገና አልተስማሙበትም አለ። አጋዥ ነው እንጂ ምትክ አይደለም። የታዘዘልኝን መድኃኒት እንዳልጥል፣ የእግር እንቅስቃሴውን ከቶ እንዳልተው፣ ክብደቴን እንድቀንስ አስጠነቀቀኝ።

«ጋዙ ሕመሙን ያዝ ካደረገልዎ ለእንቅስቃሴው ፋታ ይሰጥዎታል፤ ሥራውን የሚሠራው እንቅስቃሴው ነው» አለ።

ይህን ሲናገር የሚያየው ግን እህቴን ነበር። በእኛ አገር ሐኪም የሚያወራው ከአስታማሚው ጋር ነው። በሽተኛው ተኝቶ ጣሪያ ያያል፣ ቃሉን ተቀብሎ የሚወጣው ሌላ ነው። ምን እንደተባለ ኋላ ቤት ሲገባ፣ ያውም አስታማሚው የመረጠውን ያህል ይሰማል። እኔ ስንት ትውልድ ያስተማርኩ ሴት፣ አልጋው ላይ ስወጣ እንደ ማንኛውም በሽተኛ አፌን ዘጋሁ። እህቴ ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለች።

መሣሪያው ከኦክሲጅን ሲሊንደር ጋር በቀጭን ቱቦ የተያያዘ ሣጥን ነው። ሐኪሙ ከዚያ በትልቅ መርፌ አየር ይቀዳል፤ ባዶ መርፌ ነው የሚመስለው። ሲቀዳ ትንሽ ሽታ ታመልጣለች። መብረቅ ወድቆ ያለፈበት ሜዳ ሽታ ነው፤ ዝናቡ ገና ሳይደርስ የሚሸተው። ሐኪሙ መስኮቱን ከፍቶ ወደ አፍንጫ እንዳልስበው፣ ለሳንባ ጥሩ እንዳልሆነ ነገረኝ። ሲገባ ጉልበቴ ከውስጥ ተወጠረ፤ ሰው ፊኛ የነፋብኝ መሰለኝ። ጮህኩ። እህቴ እጄን ያዘችና «ቻይው፣ የአያን ዳገት አስቢ» አለችኝ። አሰብኩት።

በየቅዳሜው ተመላለስኩ። ጠዋት ጠዋት ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ወደ ፊት ዘርግቼ አቆያለሁ፣ ቀስ ብዬ አወርዳለሁ። ሲቀልለኝ የባቄላ ከረጢት ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰርኩ። የእህቴ ባል ነጋዴ ነው፣ ቀልድ ይወዳል። ጠዋት ሲያየኝ «እትዬ ጭነት ጀመሩ» ይል ነበር። እስቅለት ነበር። የሚስቀው ከእኔ ጋር መስሎኝ ነበር እንጂ በእኔ ላይ መሆኑን አላወቅኩም።

ጋዙ ይሁን፣ የባቄላው ከረጢት ይሁን፣ ወይም ከቢቸና ብርድ መራቄ፣ ጉልበቴ ተሻለው። የትኛው እንደሠራ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ብቻ ኅዳር ሲገባ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሰው ሳልይዝ ወጣሁ። ከዚያው ከደጀ ሰላሙ ሳልወርድ ለአያ ደወልኩለት።

«ደረጃ ወጣሁ» አልኩት።

«የምን ደረጃ?»

«የቤተ ክርስቲያን።»

«እርሱማ መላእክት ይደግፉሻል። የእኔን ዳገት ማን ይደግፍሻል?»

ሳሉ አቋረጠው። ሲመለስ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ለገና ድረሺ አለኝ። ለገና እደርሳለሁ አልኩት። ከወንድሜ ጋር ያወራሁት የመጨረሻው ወሬ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ዙር መርፌ ያበቃው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው። በመጨረሻው ቀን እህቴ እንደ ልማዷ ከሐኪሙ ጋር ወደ ኋላ ቀረች፤ እኔ ምርኩዜን ይዤ በረንዳው ላይ ጠበቅኳት። ስትወጣ ልሂድ አልኳት። ሐኪሙ ከሞጣ እንዳትወጪ ብሏል አለችኝ። አሁን የዕረፍት ጊዜ ነው፣ ሚኒባስ ከተሳፈርሽ መንገዱ ጉልበትሽን ይንጠውና የተወጋሽው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፣ በሁለት ወር ሲያይሽ ሁለተኛውን ዙር ይወስናል። ልቤ ስላልተቀበለው ደግሜ ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ይህ እንደ ሱባኤ ነው፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ አይቆጠርም» አለችኝ። ሱባኤ ስትለኝ እሺ አልኩ። ሱባኤ ማቋረጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁና።

እናም ቆየሁ። ሐኪሙ እንዳልንበረከክና ከባድ እንዳላነሣ ከልክሎ ስለነበር እህቴ ተቀምጦ የሚሠራውን ሰጠችኝ። የሠርጉን ጤፍ ለቀምኩ፣ ስንዴውን አበጠርኩ፣ የበርበሬውን ዛላ ቀነጠስኩ። እጄ ሲቃጠል ያድራል። ማንም አላስገደደኝም፤ የእህቴ ልጅ ሠርግ ነው።

ጾሙ ጥቂት እንደገፋ አንድ ጠዋት እህቴ ስልክ ተደወለላት። ይዛው ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ለሠርጉ ጠጅ ማር ላመጣ ቢቸና ልሄድ ነው አለችኝ፤ ባሏም አብሯት ተነሣ። አብሬያችሁ ልሂድ፣ አያን ልየው አልኳት። መኪናው ያናጋሻል አለች። እንግዲያው አንቺ ወጥተሽ እይልኝ፣ ለገና ትመጣለች በይው አልኳት። «እሺ» አለችኝ። ፊቷን ወደ ሻንጣው እንዳዞረች ነው እሺ ያለችኝ።

በማግስቱ ማታ ሲገባ ተመለሱ። ማር አልያዙም፤ ተወዷል አሉ። ዓይኗ ቀልቷል፤ አቧራ ነው አለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ነበር፤ ጥለቱ ከእግሯ መሆን ሲገባው አንገቷ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ብቻ ነው። ደንግጬ ተነሣሁና ምን ነካሽ፣ ሰው ቢያይ የሞተባት አለ ይላል አልኳት። በመኪናው ግፊያ ይሆናል አለች። ነጠላውን ከትከሻዋ አውርጄ፣ አገላብጬ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ በገዛ እጄ አለበስኳት። ቆማ ለበሰችልኝ። አያስ ስላት ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎሻል አለችኝ።

ሰላም ብሎሻል። ሌላውን ሁሉ ልተውላት እችል ይሆናል። ይህችን ቃል የምተውበት ቦታ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ የአያ ስልክ አይሠራም። ስደውል ጥሪ አይቀበልም ይላል። እህቴ መስመር ተቋርጦ ነው አለችኝ፤ ያን ጊዜ መስመር መቋረጡ ብርቅ አልነበረምና አመንኳት። ለገና ልሂድ ስል መንገድ ተዘጋ አለች። መንገዱም እውነት አንዳንድ ቀን ተዘግቶ ነበር። ውሸትን የሚያኖረው በመሀሉ የሚገባው እውነት ነው። ከቢቸና በኩል ለሠርጉ አንድም ዘመድ አለመጠራቱን ስጠይቅም መልሱ ይኸው መንገድ ሆነ።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። አማረ፤ አላማረም አልልም። እህቴ ከፊት አስቀመጠችኝ። ባሏ እንግዶቹ ፊት እጄን ይዞ አስነሣኝና ምርኩዜን ነጥቆ ወደ ግድግዳው ወረወረው። «እዩ፣ ሞጣ የቢቸናን ሽባ አስነሣች» አለ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔም ቆሜ እልል አልኩ። ጉልበቴ ቻለኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። እልልታዬ በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ ድንኳኑ ሙሉ ተቀበለኝ።

ከዚያ ሙሽራዋን መርቂ አሉኝ። በቤቱ ያለሁት ታላቅ እኔ ነኝና ደንቡ ነው። ሙሽራዋ ከፊቴ ጎንበስ አለች። ውለጂ ክበጂ አልኳት፣ ቤትሽ ይሙላ አልኳት። ከዚያ ከአፌ እንደመጣልኝ፦

«ያሳደገን ወንድማችንን ዕድሜ ሰጥቶ ለልጅሽ ክርስትና ያድርሰው» አልኩ።

እህቴ አሜን አለች። ባሏ አሜን አለ። ሙሽራዋም፣ ኋላ እንዳወቅኩት ታውቅ ነበር፣ አንገቷን እንዳቀረቀረች አሜን አለች። ወንድሜ ያን ቀን አርባው ወጥቶለት ነበር።

የሐኪሙ ቀጠሮ የደረሰው ከመልሱ ማግስት ነው። እህቴ በድካም ወድቃ ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ፤ ያለ አስታማሚ የገባሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወረፋ የሚጠበቅበት አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት ከአጠገቤ ተቀመጠች፤ ወገቧን ልትታይ የመጣች ናት። ደጋግማ አየችኝ።

«አንቺ ቢቸና የምታስተምሪዋ አይደለሽም? የዳገቱ ሰውዬ እህት?»

ነኝ አልኳት። ከመንደራችን ግርጌ ያሉት ሰዎች ልጅ መሆኗን ነገረችኝ፤ እናቷን አወቅኳት።

«እግዜር ያጽናሽ» አለችኝ። «እኛማ በቀብሩ ላይ ፈልገን አጣንሽ። ታናሽሽ ስትወድቅ ስትነሣ አንቺን ያልጠየቀ ሰው የለም። አልጋ ላይ ናት፣ ተወግታ ተኝታለች አለችን። እንዲህ ተነሥተሽ ሳይሽ ደስ አለኝ።»

«የማን ቀብር?» አልኳት።

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

መርዶ በእኛ አገር ወግ አለው። ሲነጋጋ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ዘመድ በር ላይ ይሰበሰባል፣ መርዶውን የሚሰማው ሰው ራሱን ቢጥል የሚይዘው እጅ ይዘጋጃል። እኔ የወንድሜን መርዶ የሰማሁት ቀሚሴን ለጉልበት ምርመራ እንዲመች ወደ ላይ ሰብስቤ ተቀምጬ፣ ወገቧ ከታመመ ሰው ነው። አላለቀስኩም። ስሜ ተጠራና ገባሁ።

ሐኪሙ ጉልበቴን አጠፈ፣ ዘረጋ። ደስ አለው። በጣም ጥሩ ነው፣ አገርዎ ሆነው እንቅስቃሴውን ሳይተዉ ሠርተዋል ማለት ነው አለኝ። አገሬ አልሄድኩም አልኩት።

«ለምን? ዙሩ ሲያልቅ ይሂዱ፣ በሁለት ወር ተመልሰው ይታያሉ ብዬ ለእህትዎ ነገርኳት እኮ። ሚኒባሱ አይጎዳትም ወይ ብላኝ አይጎዳቸውም አልኳት።»

ጾሙ ሳይገባ ነበር ያለው። አያ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር፤ ይስቅ ነበር።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «ይህን መርፌ የያዘ ሰው ሐዘን ቢሰማ መድኃኒቱ ይበላሻል?»

ጥያቄው ገርሞት አየኝ። «ሐዘን ከጋዙ ጋር ምን አገናኘው? ማን ነው እንደዚያ ያለው?»

ማንም አልኩት። ከዚያ ዳገት አለብኝና ውጋኝ አልኩት። ወግቶኝ አንድ ሁለት ቀን እንዳርፍ፣ ስወጣም ቀስ እንድል መከረኝ። ያን ቀን ሲወጋኝ ድምፅ አላሰማሁም። «ዛሬ በረቱ» አለኝ።

ቤት ስደርስ እህቴ የሠርግ ዕቃ እያጠበች ነበር። ምርኩዜን በር ላይ አቁሜ አያ መሞቱን ሰማሁ አልኳት። እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ። መጀመሪያ ለጤናሽ ብዬ ነው አለች፤ ሐኪሙ ሐዘን አይሰማ ብሎ ነበር አለች። ከሐኪሙ መምጣቴን፣ ሐኪሙም ያለውን ነገርኳት። ያን ጊዜ ሌላውን አወጣችው። ድንኳኑን ተከራይተናል፣ ጤፉ ተሸምቷል፣ የወንድ ወገን ቀን ቆርጧል፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሠርግ እንዴት ይሆናል። አንቺ ከሰማሽ ትጮሂያለሽ፣ ሞጣ ሁሉ ይሰማል፣ ሠርጉ ለዓመት ይተላለፋል፣ ልጄ ያኔ ታገባ አታገባ ማን ያውቃል። የሞተ ሞቷል አለች።

«አስቀድሞስ?» አልኳት። «ሐኪሙ ይሂዱ ሲል አልሞተም ነበር።»

ከዚያ የተናገረችውን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ቃል አልጨምርም።

«አንቺ ልጅ የለሽም። የሠርግን ጭንቅ አታውቂውም።»

ጓዜን አሰርኩ። ባሏ በር ላይ ቆሞ መንገዱ ዝግ ነው እትዬ አለኝ። መናኸሪያ ሄጄ ጠየቅኩ። ክፍት ነበር።

ቢቸና ገብቼ ሐኪሙ እንዳለኝ አረፍኩ፤ ከዚያ በጠዋት ወጣሁ። ጅረቱ በበጋ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ክፉው ቦታ ስደርስ ቆምኩ። ጎርፍ የበላው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደልድሏል፤ እንደ ደረጃ ነው፣ ዝቅ ዝቅ ያለ፣ ለእኔ እግር የሚሆን። ላይ ስደርስ አብራው ትኖር የነበረችውን የአያን ልጅ ሚስት ማን እንዳበጀው ጠየቅኳት። አያ ጠዋት ጠዋት እየወጣ፣ ራሱ ማንሣት ስላቃተው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እያዘዘ፣ የመንደሩን ጎልማሶች ያስደለደላቸው መሆኑን ነገረችኝ። ለገና ትመጣለች ይል ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ስልክ ደውሉላት ሲል፣ የእኔ ስልክ አልገባ ቢላቸው ሞጣ ደውለው እህቴን አግኝተዋት ነበር። ነግሬያታለሁ፣ መንገድ ሲከፈት ትመጣለች ብላቸዋለች። እርሱም እስከ መጨረሻው ውሻ በጮኸ ቁጥር ማን መጣ እያለ ይጠይቅ ነበር አለችኝ። እኔ ያን ሰሞን በርበሬ እቀነጥስ ነበር።

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከአባታችን አጠገብ ነው። አፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። ድንኳኑ ከፈረሰ፣ ሰዉም ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ብቻዬን አለቀስኩ። ያለቀሰ ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል፤ የሚያጅበኝ አልነበረም። ስወርድ ድንጋዮቹን እየረገጥኩ ወረድኩ። ጉልበቴ አላመመኝም። ቢያመኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት እህቴ ሽማግሌዎችና ቄስ ላከች። በዝናብ መጡ፤ አስገባኋቸው፣ አበላኋቸው። ለጤናዋ ብላ ነው አሉኝ። እግዚአብሔር ይፍታት አልኩ። ከአፌ ሌላ ቃል አላገኙም። እርሷ ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጣ እንደምትጠብቅ የነገሩኝ ሊወጡ ሲሉ ነው። ትግባ አላልኩም፤ አትግባም አላልኩም። ዝናቡ ሲያባራ መኪናው ሄደ። ከእነርሱ አንዱ በኋላ እርሷም ጉልበቷ እንደጀመራት፣ የአየር መርፌ መወጋት እንደጀመረች ነገረኝ። ሐኪሙ እንቅስቃሴውን አትተዪ ብሏታል አሉ። ታስታምማት እንደሆነ ልጇ አለች።

እኔ አሁንም ጠዋት ጠዋት የባቄላውን ከረጢት አስሬ እግሬን አነሣለሁ። እሑድ እሑድ ዳገቱን እወጣለሁ፤ በረድ ሲል ብቻ ወገቤ ይይዘኛል።

ክረምቱ እንዳለፈ ወደ እድራችን ሰብሳቢ ቤት ሄድኩ። እኔ ስሞት ጥሩምባው ለቢቸና ይነፋ፣ ለመንደራችን ሰው ይላክ፣ ለሞጣ ግን አርባዬ ሳይወጣ አይነገር አልኩት። ይህ ደንብ አይደለም አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ሚስቱን ጠርቼ እርሷ ባለችበት ደገምኩለት። እሺ አለ። ቃሉን መልሶ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ነገረኝ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።